የእንግሊዝኛ ጽሑፌ የግሥ ጊዜው እየተቀላቀለ ተቸግሬያለሁ፤ እንዴት ላስተካክለው?

ጠያቂ፦
እንግዶችን ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት በጀልባ የምወስድ አስጎብኚ ነኝ። ለእንግዶች የሚታደል የአንድ ገጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አዘጋጅቼ አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንዲያየው ብሰጠው፣ «ቴንሱ አንዴ ፓስት አንዴ ፕረዘንት እየሆነ ያደናግራል» ብሎ መለሰልኝ። በጽሑፉ ውስጥ የሐይቁ መግለጫ፣ የዩኔስኮ ምዝገባ፣ የዑራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎችና የጀልባው መነሻ ሰዓት ተከታትለው ተጽፈዋል። ወጥ የሚሆነው በምን መንገድ ነው?

አንደኛ መላሽ፦
ሁሉንም በፓስት ቴንስ ይጻፉት፤ ታሪክ የሚጻፈው በኃላፊ ጊዜ ነውና አይሳሳቱም።

ሁለተኛ መላሽ፣ የቋንቋ መምህር፦
ከላይ በተሰጠው ምክር አልስማማም። ጣና የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ «ወዝ» (was፣ ነበር) ተብሎ ከተጻፈ፣ አንባቢው ሐይቁ ደርቋል ወይም ሌላ በልጦታል ብሎ ይረዳል። ወጥነት የሚባለው አንድ ቴንስ ይዞ እስከ መጨረሻ መዝለቅ ሳይሆን፣ የሚነገረው ነገር ጊዜው ሳይለወጥ ግሡን አለመለወጥ ነው። ስለዚህ ሐይቁን የሚገልጸው አንቀጽ በሲምፕል ፕረዘንት ይሁን። ሥዕሎቹም ዛሬ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ስለሚታዩ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ የሚያሳየውን ሥዕል ሲገልጹ ታሪኩ የጥንት ቢሆንም እንግሊዝኛው በፕረዘንት ይጽፈዋል፤ ሠዓሊው ሥዕሉን መሣሉን ሲናገሩ ግን ፓስት ይሆናል።

ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ዋናው ወጥመድ ፕረዘንት ፐርፌክት፣ ማለትም «ሃዝ» ወይም «ሃቭ» የሚገባበት የግሥ ጊዜ፣ ይመስለኛል። «ዩኔስኮ ጣናን በ2015 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ሪዘርቭነት (በተፈጥሮ ጥበቃ ቀጠናነት) መዝግቦታል» ብንል በአማርኛ ነቀፋ የለበትም፤ በእንግሊዝኛ ግን ያለፈ ዓመት ተጠቅሶ ሳለ «ሃዝ» አይገባም፣ «ሬጂስተርድ» ብቻ ይበቃል። ዓመቱ ካልተጠቀሰ «ሃዝ ሬጂስተርድ» ያስኬዳል። በተቃራኒው፣ «ከ2015 ጀምሮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ነው» የሚለውን ስንጽፍ «ነው»ን ተከትለን «ኢዝ» እንላለን፤ ከያኔ ጀምሮ እስከ ዛሬ የዘለቀ ሁኔታ በመሆኑ ግን ትክክሉ «ሃዝ ቢን» ነው። ተማሪዎቼ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚሰናከሉት በዚህኛው ነው።

ሦስተኛ መላሽ፦
የጀልባውን ሰዓት በተመለከተ፣ «ጀልባው በሁለት ሰዓት ይነሣል» ስንል ግሡ ለዘወትሩም ለነገውም ያገለግለናል። በእንግሊዝኛም ጉዞው በፕሮግራም የተያዘ ከሆነ ነገ ለሚደረገው ጭምር «ሊቭስ» ይበቃል። (ሰዓቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስምንት ብለው መጻፍዎን ግን አይርሱ፤ ያለዚያ ቴንሱ ቢስተካከልም እንግዳው ወደብ ላይ አይገኝም።) «ኃይለኛ ነፋስ ከተነሣ ጉዞው ይሰረዛል» የሚል ማሳሰቢያ ካለዎት፣ «ዊል» የሚገባው መሰረዙን በሚናገረው ክፍል ብቻ ነው፤ ከ«ኢፍ» ቀጥሎ ያለው ግሥ በፕረዘንት ይቀራል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ቀረኝ፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. የዓባይ ምንጭ ወደሆነው ግሽ ዓባይ መድረሱን፣ ከእሱ በፊት ግን ስፔናዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ምንጩን ማየቱን ጽፌያለሁ። ሁለቱም ያለፉ ስለሆኑ ለሁለቱም «ሃድ» ላስገባ?

ሁለተኛ መላሽ፦
ለሁለቱም አያስፈልግም። ብሩስን አስቀድመው ወደ ፓኤዝ ዘመን ስለሚመለሱ፣ «ሃድ ሲን» የሚገባው ለፓኤዝ ብቻ ነው፤ ብሩስ በ«ሪችድ» ይቀራል። በዘመን ቅደም ተከተል ፓኤዝን ካስቀደሙ ደግሞ ሁለቱም በሲምፕል ፓስት ይሄዳሉና «ሃድ» ጨርሶ አያስፈልግዎትም፤ እኔ ብሆን ይህንኛውን እመርጣለሁ። ምንጩ ዛሬም ስለሚፈልቅ፣ ውኃው በግልገል ዓባይ በኩል ጣና መግባቱን የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ወደ ፕረዘንት ይመለሳል፤ እሱን በአዲስ አንቀጽ ቢጀምሩት ሽግግሩ አያደናግርም።