ፓኒሩ መጥበሻ ላይ ይበተንብኛል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ፓኒር የሚባለውን የሕንዶች አይብ ቤት ውስጥ መሥራት ይዣለሁ፤ መጨረሻው ላይ ግን ተቸግሬያለሁ።

2 ሊትር ቅባቱ ያልወጣለት የላም ወተት አፈላለሁ። ከእሳት አውርጄ የሎሚ ጭማቂ ጠብ ጠብ አደርግበታለሁ። ወተቱ ይቋጠራል፤ አጓቱም ጥርት ይላል። እስከዚህ ደስ ይላል! በስስ ጨርቅ አጥልዬ፣ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቄ፣ ከባድ ድስት እጭንበታለሁ። ስቆርጠው ግን ይፈረፈራል። ዘይት ሲነካው ደግሞ ጭራሽ ይበተናል። ከክትፎ ጋር እንደሚቀርበው አይብ ቢሆን መፈርፈሩ ግድ አልነበረኝም። እኔ የምፈልገው ፓላክ ፓኒር ለሚባለው የስፒናች ወጥ ነው፤ ስፒናቹ ውስጥ ቅርጹን ይዞ መቆየት አለበት።

ሎሚው በዝቶ ይሆን? ወይስ ክብደቱ አንሶት? ሕንድ ውስጥ በጎሽ ወተትም ይሠሩታል፤ እሱ ቅባቱ ከላም ይበልጣል። በላም ወተት የሚጠነክርላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ስንት ሰዓት እንደምትጫኑት ጭምር ንገሩኝ።