ለገና ለቤተሰብ የሹራብ ኮፍያ፦ ሱፍ ልግዛ ወይስ አክሪሊክ?

የጠባሴዋ፦

ሰላም የእጅ ሥራ ወዳጆች! ዘንድሮ ገናን ደብረ ብርሃን ቤተሰብ ጋ ነኝ። በጉን ወንድሞቼ ተካፍለው ይገዙታል፤ እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ ምን ይዤ ልግባ ስል፣ ለሁሉም የሹራብ ኮፍያ ልሥራላቸው ብዬ ተነሣሁ። የታኅሣሥን ውርጭ እዚያ ያደገ ያውቀዋል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ከተማ ነው፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚነጋው።

የሚለብሱት አምስት ናቸው። አባዬ ራሱ ትልቅ ነው፣ መሀሉ ተመልጧል፣ የገበያ ኮፍያ ሁሉ "ጨመቀኝ" ይላል። እማዬ ከሻሿ ጋር ነው የምትኖረው፤ ለገና ሌሊት ቅዳሴ ደግሞ ማንም አይቀድማትም። ታላቅ ወንድሜ ባጃጅ ይነዳል፣ ገና ሳይነጋ ነው ከቤት የሚወጣው። እህቴ ሹሩባዋን አንዴ ከተሠራች ወር ታቆየዋለች፤ የሷ ልጅ ደግሞ ገና 5 ወሩ ነው።

ኪሮሽ ላይ ደህና ነኝ፤ ቤታችን ያለው የሶፋና የቴሌቪዥን ዳንቴል ሁሉ የእኔ እጅ ነው። በሁለት መርፌ ግን ከስካርፍ አልፌ አላውቅም። ጥያቄዬ፦ ንጹሕ ሱፍ ይሻላል ወይስ አክሪሊክ? ሱፉ ተወዷል፣ ግን ስጦታ ነው ብዬ ልጨክን ነው። የአባዬንስ ራስ ሳይነቃብኝ እንዴት ልለካ?

ሚኒሶታ_በረዶ፦

እህቴ፣ ገንዘብሽን አትጨርሺ። እዚህ ጥር ላይ ከዜሮ በታች 20 ሲገባ ሱፍን የሚያክል የለም፣ እሱን አልክድም። ግን ሱፍ በሙቅ ውኃ ሲታሽ ይሰበሰባል፣ አንዴ ከተሰበሰበ ደግሞ የሚመልሰው የለም። አንቺ አዲስ አበባ ተመልሰሽ፣ ኮፍያው ከወንድምሽ ጂንስ ጋር ሳፋ ውስጥ ገብቶ ሲታሽ ማን ይደርስለታል? ለአባትሽ የሠራሽው ለሕፃኑ ይሆናል። አክሪሊክ ታጥቦም ያው ነው።

የእህትሽን ውስጡን የሳቲን ገበር አድርጊለት። የሹራብ ክር የፀጉር ወዝ ይጠጣል፣ ጫፉንም ይበጣጥሳል፤ ሳቲን ላይ ግን ፀጉር ይንሸራተታል። ከውጭ እንዳይታይ ከጠርዙ ሁለት ጣት ያህል ገባ አድርገሽ በእጅ ስፊው። ስትሰፊ ኮፍያውን ወጠር አድርገሽ ያዢ። ሳቲኑ እንደ ሹራቡ ስለማይለጠጥ፣ ሳትወጥሪ ከሰፋሽው ራሷ ላይ አይገባም።

የድሮ_እጅ_ሥራ፦

ልጄ፣ እንኳን ይህን አሰብሽ። የሚኒሶታው ልጅ ስለ እጥበቱ እውነቱን ነው፤ ምድጃውን ግን ረሳው። እናትሽ የምትጋግረው በእንጨት ከሆነ አክሪሊክ እሳት አጠገብ አይሆንም። ይቀልጣል፣ የቀለጠውም ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሱፍ ብልጭታ ቢያርፍበት ይከስላል እንጂ ቶሎ አይያያዝም። ስለዚህ ለእሷ ሱፍ፣ ለቀሩት አክሪሊክ። ደግሞ እናትሽ የእጅሽን ሥራ ከጂንስ ጋር አታሽም፤ በቀዝቃዛ ውኃ ለብቻው ነው የምታጥበው።

ሱፍ ስልሽ ታዲያ የመንዙን እንዳታስቢ። የመንዝ በግ ፀጉር ባና ሲሆን ነው የሚያምርበት፣ ግንባር ላይ ያሳክካል። ከመግዛትሽ በፊት አንገትሽ ላይ አሸት አሸት አድርገሽ ሞክሪው።

ልኩን በተመለከተ፣ ወንድምሽ የአባትሽን ባርኔጣ የውስጥ ዙሪያውን በሲባጎ ለክቶ ይደውልልሽ። ከዚያ ላይ 5 ሳንቲሜትር ቀንሺ፣ ሹራብ ተለጥጦ ነው የሚይዘው። "ጨመቀኝ" ለሚል ሰው 3 መቀነስ ይበቃል። ከዚያ በያዝሽው ክርና መርፌ ቁራጭ ሠርተሽ በ10 ሳንቲሜትር ውስጥ ስንት ቀለበት እንደገባ ቁጠሪ። 18 ገባ እንበል፤ የእናትሽ ራስ 54 ቢሆን 49 ላይ ትሠሪያለሽ፣ ያ 88 ቀለበት ነው። 88 ለ4ም ለ8ም ይካፈላል። ጠርዙን ሁለት ቀጥ ሁለት ግልብጥ ስትዪ እኩል ይወጣል፣ አናቱንም 8 ቦታ ከፍለሽ እያጠበብሽ ትዘጊዋለሽ። በሁለቱ መርፌ ዘርግተሽ ሠርተሽ ከኋላ ስለምትገጥሚው ለስፌቱ 2 ቀለበት ጨምሪ። ቁመቱ ከጠርዝ እስከ አናት 21 ገደማ ይሁን።

ለእናትና ለአባትሽ የክር ኳስ አናቱ ላይ እንዳትሰቅዪ። እሷ ነጠላዋን ከላይ ትከናነብበታለች፣ ኳሱ ያሳብጠዋል። እሱም ቤተ ክርስቲያን ሲገባ አውልቆ ካፖርቱ ኪስ ነው የሚከተው።

ሦስት_እግር፦

የሹፌሩን ከኔ ስሚ፣ እኔም እዚያው ወንበር ላይ ነኝ። የባጃጅ ንፋስ ከጎን ነው የሚገባው፤ ፊት መስታወት አለ፣ ጆሮ ግን ያልቃል። ጠርዙን ረዘም አድርገሽ ታጥፎ ጆሮ ላይ በእጥፍ ይረፍ። በጣም አታወፍሪው ደግሞ፣ "ወራጅ አለ!" ሳይሰማ ካለፈ ሒሳቡ ቀርቶ ፀብ ነው የሚቀበለው። ቀለሙ ጥቁር ይሁን። በግሪስ እጅ ነው የሚያወልቀው።

የጠባሴዋ፦

እናቴ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ! እማዬ የኤሌክትሪክ ምጣድ አላት፣ መብራት ሲጠፋ ግን ያው እንጨት ነው፤ እና መብራቱ ይጠፋል። ስለዚህ ሱፉን ለእሷ ገዛሁ፣ ቡና ዓይነት፣ አንገቴ ላይ ሞክሬው ምንም አላለኝም። ሚኒሶታ፣ ሳቲኑ ካሮጌ ቀሚሴ ገበር ይወጣል፣ አመሰግናለሁ። ሦስት እግር፣ ጥቁሩን ተስማምተናል።

የአባዬ ባርኔጣ 60 ወጣ! ለካ ሰውየው እውነቱን ነው። 3 ቀንሼ፣ በ18ቱ አስልቼ፣ ለ8 እንዲካፈል ወደ 104 ቀለበት አስጠጋሁት። የሕፃኑን ግን በለመድኩት ኪሮሽ ብሠራው ችግር አለው?

የድሮ_እጅ_ሥራ፦

የለውም። ኪሮሽ እንደ መርፌ ሹራብ አይለጠጥም፣ ክርም ይበላል፣ ግን ለትንሽ ራስ አይታወቅም። በለስላሳ ጥጥ ሥሪለት፣ ኪሮሹን ቀጠን አድርጊና ብርድ እንዳያስገባ ጠቅጥቂው። የሚታሰር ገመድ፣ ቁልፍ፣ የሚነጨል አበባ እንዳታደርጊበት፤ በዚያ ዕድሜ ሁሉም ነገር አፍ ውስጥ ነው የሚገባው። እህትሽንም ሲተኛ አውልቂለት በያት፣ ሕፃን ተሸፍኖ ሲተኛ ሙቀቱ የሚወጣው በጭንቅላቱ በኩል ነው።

የአባትሽን አስቀድመሽ ጀምሪ፣ ክር የሚጨርሰው እሱ ነው። ሂሳቡ 100 ግራም ቢልሽም አንድ ቱባ ትርፍ ያዢ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ግዢ፣ ወረቀቱ ላይ የመንከሪያውን ቁጥር አስተያዪው። ከሳምንት በኋላ ብትመለሺ ያው ቀለም ነው ብለው የሚሰጡሽ ክር ከተለየ መንከሪያ የወጣ ይሆንና አናቱ ላይ መስመር ይሠራብሻል።