አስቸኳይ፦ ሰዓቴ ወድቆ መሮጥ ጀመረ፤ ሰኞ ፈተና ክፍል እገባለሁ

የመንዙ መምህር፦
ጤና ይስጥልኝ። ሰዓቱ ትናንት ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶ ላይ ወደቀ። መስታወቱ አልተሰነጠቀም፣ ቆጣሪዎቹም አልወለቁም፤ ግን ይሮጣል። ዛሬ ጠዋት በ12 ሰዓት ከሬዲዮ ጋር አስተካከልሁት፤ 1 ሰዓት ሲሆን እርሱ ከ22 ደቂቃ አልፏል። ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ፈታኝ ሆኜ እገባለሁ። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ግድግዳውም ላይ ሰዓት የለም፤ ልጆቹ ስንት ደቂቃ እንደቀራቸው የሚጠይቁት እኔን ነው። የጀርባ ክዳኑን ከፍቼ ማስተካከያውን በመርፌ ወደ መቀነሻው ምልክት ገፋሁት፤ ለውጥ የለም። ምን ላድርግ? ያለሁት መሐል ሜዳ ነው።

አንጎለላ፦
ማግኔት ነው። የእኔም እንዲሁ ይቀድም ነበር። ደብረ ብርሃን ወስጄው በአንድ ደቂቃ ማግኔቱን አጠፉለት፤ ከዚያ ወዲህ ደህና ነው። ድምጽ ማጉያ አጠገብ አታስቀምጠው።

ቆላ ወጣሁ፦
ወንድሜ፣ የመንዝ ብርድ ነው። እኔ ከሸዋ ሮቢት ጣርማበርን ተሻግሬ በወጣሁ ቁጥር ሰዓቴ ይቀድማል። ከፍታው አየሩን ስለሚያሳሳው ሰዓት ይፈጥናል።

ሞላሌ፦
መምህር፣ በዚህ ሰዓት ከፈተንካቸው የሁለት ሰዓቱን ፈተና በአንድ ሰዓት ከ28 ደቂቃ ታስጨርሳቸዋለህ። ስለ ልጆቹ ስትል ሌላ ሰዓት ተዋስ።

የመንዙ መምህር፦
መዋሱ ጠፍቶኝ አይደለም። አባቴ በ1976 ዓ.ም. ገዝቶ እስኪያርፍ ድረስ ያሰረው ነው። ጀርባው ላይ ግጭት እንደሚቋቋም ተጽፎበታል፤ እንግዲያው አንድ መውደቅ እንዴት እንዲህ ያደርገዋል?

ዘመን ቆጣሪ፦
ግጭት ይቋቋማል የሚለውን ጽሑፍ ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ስለሚረዳው ትንሽ ላብራራ። ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው የባላንስ ጎማ የሚሽከረከርበት እንዝርት ጫፉ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፤ በድሮው ሰዓት መጀመሪያ የሚሰበረው እርሱ ነበር። ሰዓት ሠሪው ብሬጌ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጫፉ የሚቀመጥበትን ድንጋይ በሞላ ላይ አሳረፈው፤ ግጭት ሲመጣ ድንጋዩ ይሸሽና ተመልሶ ቦታውን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የመጣው ኢንካብሎክ የተባለው የግጭት መከላከያም ሆነ የሴይኮው ዳያሾክ የዚሁ ሐሳብ ልጆች ናቸው። ጥበቃው ለእንዝርቱ ነው፤ ሰዓቱ ሰከንድ አያዛንፍም የሚል ቃል ግን አልገባም። አይኤስኦ 1413 የሚባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ እንኳን ከ1 ሜትር ከፍታ ጠንካራ እንጨት ላይ እንደመውደቅ ያለ ምት ካረፈበት በኋላ በቀን እስከ 60 ሰከንድ መዛነፍን ይታገሣል።

ሰዓት የሚስተካከልበት ነገር በግጭት እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ ሌላ ጥበብ ነው። በተራ ሰዓት ማስተካከያው በፍትጊያ ብቻ የተያዘ ትንሽ ዘንግ ነው፤ ከበድ ያለ ምት ያዛውረዋል። አንዳንዶች ዘንጉን እንደ ዳክዬ አንገት በቆለመመ ሞላ ገፍተው ከቀጭን ብሎን ጋር ያጣብቁታል። የሰዓት ፋብሪካዎቹ ፓቴክ ፊሊፕ «ጋይሮማክስ»፣ ሮሌክስ «ማይክሮስቴላ» በሚሉት አሠራራቸው ደግሞ ዘንጉን ጨርሰው አስወግደው፣ በጎማው ዙሪያ ባሉ ጥቃቅን ክብደቶች ያስተካክላሉ። ዘንግ ከሌለ ግጭት የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ የለም።

አንጎለላ፦
ይህ ሁሉ ንባብ ለምን? ማግኔት ነው አልኩ።

ደብረ ብርሃን ሰዓት ሠሪ፦
መምህር፣ ሦስት ነገር ንገረኝ። ምን ዓይነት ሰዓት ነው? ጀርባው ላይ የተቀረጸው ቁጥር በምን ይጀምራል? ከባላንሱ በላይ ሁለት ዘንጎች አሉ፤ በመርፌ የገፋኸው የትኛውን ነው?

የመንዙ መምህር፦
ሴይኮ 5 ነው፤ ቁጥሩ በ7009 ይጀምራል። ሁለት ዘንግ መኖሩን አላወቅሁም፤ የመጀመሪያውን ያየሁትን ነው የገፋሁት። አሁን እንዲያውም ድምጹ እንደሚያነክስ ሰው ሆኗል። የስልኬን ኮምፓስ አጠገቡ አድርጌ አየሁ፤ መርፌው አልተነቃነቀም።

ደብረ ብርሃን ሰዓት ሠሪ፦
ኮምፓሱን መሞከርህ ጥሩ ነው፤ የማግኔት ነገር እዚህ ላይ ያበቃል። ብርዱንም እንተወው። ከፍታና ብርድ ቢያዛቡት በቀን የሰከንዶች ጉዳይ ነው።

የአንተ በሰዓት 22 ደቂቃ ይቀድማል፤ በቀን ወደ 9 ሰዓት የሚጠጋ ማለት ነው። ማስተካከያው ከዳር እስከ ዳር ቢገፋ እንኳ የሚለውጠው በቀን ጥቂት ደቂቃዎችን ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ማስተካከያው ላይ አልነበረም። በባላንሱ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለ ቀጭን ሞላ አለ። ሰዓቱ ሲወድቅ የሞላው አንዱ ጥምጥም ከቦታው ዘልሎ ከማስተካከያው ፒኖች ወይም ከጎረቤቱ ጥምጥም ጋር ተያይዟል። ሞላው አጠረ ማለት ነው፤ ያጠረ ሞላ ደግሞ ጎማውን ያፈጥነዋል።

ድምጹ ያነከሰው ሌላኛውን ዘንግ ስለገፋኸው ነው። እርሱ የሞላውን ጫፍ ይይዛል፤ ሲዛወር የግራና የቀኝ ምቱ እኩል አይሆንም። ከእንግዲህ መርፌ ወደዚያ አታስገባ። ሞላውን አንድ ጊዜ ከቆለመምኸው የአባትህን ሰዓት ልብ ነካህ ማለት ነው።

አሁን የምታደርገው ይህን ነው። ክዳኑን ግጠም፤ የሰዓቱን ፊት ወደ ታች ይዘህ ጎኑን በመዳፍህ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ አድርገህ ምታ። አንዳንዴ የተያያዘው ጥምጥም ይላቀቃል። ቀጥሎ አንድ ሰዓት ሙሉ ከሬዲዮ ጋር አመሳክር። ካልተላቀቀ የሚነካው በማጉያ መነጽርና በጥሩ ወረንጦ ብቻ ነው፤ ይህን የሚያደርገውም ሞላ ያስተካከለ እጅ ይሁን። ለሰኞ የባትሪ ሰዓት እሰር።

ሞላሌ፦
ጋሼ፣ ይህ በዓይን አይቶ እንደመናገር ነው። መምህር፣ ከአጎቴ ሱቅ የባትሪ ሰዓት ልላክልህ?

የመንዙ መምህር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። በመዳፌ መታሁት። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የቀደመው 1 ደቂቃ ብቻ ነው፤ በ22 ደቂቃው አንጻር ተአምር ነው። ግን አሁንም ያነክሳል። ሞላሌ፣ ላክልኝ፤ ሰኞ እርሱን አስራለሁ።

ደብረ ብርሃን ሰዓት ሠሪ፦
በግማሽ ሰዓት 1 ደቂቃ ገና በቀን 48 ደቂቃ ነው። ጥምጥሙ በከፊል ተላቅቋል እንጂ አልዳነም። ፈተናው ሲያልቅ ይዘኸው ና፤ ሁለቱንም ዘንጎች ቦታቸው እንመልሳለን። እስከዚያው አትሰረው።

ቆላ ወጣሁ፦
ጋሼ፣ ስለ ብርዱ ስላረሙኝ አመሰግናለሁ። የእኔ ሰዓት በቀን 40 ሰከንድ ያህል ነው የሚቀድመው፤ ወድቆም አያውቅም። ለዚያስ የትኛውን ዘንግ ነው የሚነካው? ወደ ሸዋ ሮቢት ልወርድ ስለሆነ እስከ ነገ ቢመልሱልኝ።