ሮቦቱ ኮሪደር ላይ ሰው ሲገጥመው ግራ ቀኝ ይልና ይቆማል፤ ምን እናስተካክል?

መዘውር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዕቃ አመላላሽ ሮቦት እየሠራን ነው። ክብ ነው፤ ስፋቱ 50 ሳ.ሜ፣ ከነጭነቱ 45 ኪሎ። ላይዳሩ (በሌዘር ጨረር ርቀት የሚለካው መሣሪያ) ከወለል 20 ሳ.ሜ ከፍታ ላይ ተገጥሟል፤ ሶፍትዌሩ ሮስ 2 (የሮቦት ሶፍትዌር መሠረት) ከናቭ 2 (መንገድ ፈልጎ ከሚመራው ክፍል) ጋር ነው። ስፋቱ 2 ሜትር የሆነ ባዶ ኮሪደር ላይ በሰከንድ 1 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል። ሰው ከፊት ሲመጣ ግን ግራ ቀኝ ይዋልልና እግሩ ሥር ሲደርስ ቀጥ ይላል። ሰውየው ካለፈ በኋላም መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ አይነቃነቅም። ሰው እንዳይጨነቅ ብለን የኢንፍሌሽን ራዲየሱን፣ ማለትም ካርታው ላይ በመሰናክል ዙሪያ የሚጨመረውን የጥንቃቄ ክልል፣ 1.2 ሜትር አድርገነዋል።

ቀስበቀስ፦
1.2ን መጀመሪያ ቀንሱት። ኢንፍሌሽን ሰውን ከግድግዳ አይለይም። ከሁለቱም ግድግዳ 1.2 ሜትር ስትወስዱ ኮሪደሩ በሙሉ ሮቦቱ የሚሸሸው «ውድ» መንገድ ይሆናል፤ ሰው ሲጨመርበት ማለፊያው ጭራሽ ይዘጋል። ለግድግዳ 0.5 ይበቃል። ለሰው ካርታው ላይ የራሱን ሌየር (ንብርብር) ሥሩለት፤ ቅርጹ ክብ ሳይሆን ወደሚሄድበት አቅጣጫ የረዘመ፣ ከጎንና ከኋላ ያጠረ ይሁን።

1.2 ሜትር አንትሮፖሎጂስቱ ኤድዋርድ ሆል «የግል ርቀት» ብሎ የሰየመው ክልል የውጭ ወሰን ነው፤ ጠባብ ቦታ ላይ ለሚተላለፉ የወጣ ሕግ አይደለም። እስቲ ደምሩት፦ ሮቦቱ 50 ሳ.ሜ፣ የሰው ትከሻ 50፣ ለሁለቱም ከየግድግዳቸው 20። በመካከላቸው የሚቀረው 60 ሳ.ሜ ነው። ይህ ርቀት ምቾት የሚሰጠው ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 0.4 ሜትር ሲወርድ ነው።

ዱካ፦
መዋለሉ ከላይዳሩ ከፍታም ይመጣል። 20 ሳ.ሜ ላይ የሚታየው ቁርጭምጭሚት አካባቢ ነው። የረገጠው እግር ለቅጽበት ቆሟል፤ የተነሣው ደግሞ ከሰውየው ይፈጥናል። እያንዳንዱን እግር ለብቻው የምትከታተሉ ከሆነ ሮቦቱ በእያንዳንዱ እርምጃ ሐሳቡን ይለውጣል። ሁለቱን እግሮች እንደ አንድ ሰው አጣምሩና በካልማን ፊልተር (ከሚዋዥቁ ንባቦች ቦታንና ፍጥነትን በሚገምት ስሌት) ተከታተሉ።

ሌላው፣ ጎኑን ቀድሞ ይምረጥ። ሰው በሰከንድ 1.3 ሜትር ገደማ ይራመዳል፤ ከእናንተ 1 ሜትር ጋር ሲደመር 5 ሜትር ከሁለት ሰከንድ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስለዚህ 5 ሜትር ላይ ፍጥነት ይቀንስ፣ አንድ ጎን ይያዝ፣ ሰውየው እስኪያልፍ አይለውጥ። መታጠፉም ከሩቅ በግልጽ ይታይ፤ ሰው ሐሳቡን የሚረዳው ከዚያ ነው።

ፍሬን፦
ያለፈ ሰው «ጥላ» ካርታው ላይ ቀርቶ ይሆናል። የላይዳሩ ጨረር የሚመታው ነገር ሲያጣ የሚመልሰው «ወሰን የለሽ» ንባብ በነባሪው ቅንብር ይጣላል፤ ስለዚህ ያ አቅጣጫ አይጸዳም። ንባቡ ተቀባይነት እንዲኖረው ቅንብሩን አብሩት፤ ካርታው የሚጸዳበትን ርቀት መሰናክል ከሚመዘገብበት ርቀት አርዝሙ፣ ለምሳሌ 5 ለ 4 ሜትር።

እባካችሁ የአደጋ ማቆሚያውን ለናቭ 2 አትተዉት። ኮምፒውተሩ ምላሽ መስጠት ቢያቆምም ለደኅንነት የሚገጠም ላይዳር በቀጥታ የሞተሩን ኃይል መቁረጥ አለበት። የማቆሚያውን ክልል በፍጥነት ልክ አስሉት። መዘግየቱ 0.3 ሰከንድ፣ ፍሬኑ በሰከንድ ስኩዌር 1 ሜትር ከሆነ፣ በ1 ሜትር ፍጥነት ለመቆም 0.8 ሜትር ይፈልጋል፤ በ0.4 ግን 0.2 ብቻ። ክልሉ ቋሚ ሆኖ በትልቁ ከተሠራ «ቀስበቀስ» ባለው 60 ሳ.ሜ ሲያልፍ ያለ ምክንያት ይቆማል።

መዘውር፦
እናመሰግናለን። ከኋላ ስንደርስበትስ?

ዱካ፦
ኮሪደሩ ጠባብ ስለሆነ አትቅደሙት። 2 ሜትር ያህል ርቃችሁ በእሱ ፍጥነት ተከተሉ፤ ከቆመ ለስላሳ ድምፅ ስጡና በ0.4 እለፉ።