ሚያዝያ ሲመጣ የሚጀምረኝ ማስነጠስ፤ ከደሴ ምን ይላክልኝ?

ከሜሪላንድ፦
ሰላም የወሎ ልጆች፣ እንዴት ናችሁ? አሜሪካ እንደመጣሁ ሰሞን ምንም አልነበረብኝም። አሁን ግን ሚያዝያ ላይ ዛፉ ሲያብብ ዓይኔን ይበላኛል፣ አፍንጫዬ ይፈሳል፣ ማስነጠሱ አያባራም። ሥራ ቦታ ጉንፋን የያዘኝ እየመሰላቸው ይሸሹኛል። እናቴ ደሴ ናት። «ምች ነው፣ ዳማከሴ ልላክልሽ» እያለች ነው። በቅርቡ የሚመጣ ሰው አለ። ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ጦስኝ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ከነዚህ የትኛውን ላስመጣ? ኪኒን መልመድ አልፈልግም።

ከደሴ፦
እህቴ፣ ይማርሽ። አብሽሪ፣ የብዙ ሰው ችግር ነው። እኔ እዚሁ ደሴ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ልጆቻቸው ውጭ ያሉ እናቶች እየመጡ «ምን ልላክላት?» ይሉኛል። እናትሽን በደንብ ነው የምረዳት።

ትኩሳት ከሌለሽ፣ ዓይንና አፍንጫሽን የሚያሳክክሽ ከሆነ፣ ንፍጡ ቀጭን ሆኖ ሳምንታት ከቆየ፣ ነገሩ አለርጂ ነው የሚመስለው። የዛፍና የሣር አበባ ብናኝ አፍንጫ ሲገባ ሰውነት ይቆጣና ሂስታሚን የሚባል ነገር ይለቃል። ማሳከኩም ማስነጠሱም ከዚያ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ሰሞን ያልነበረብሽም ለዚህ ነው። ሰውነት አዲሱን ብናኝ እስኪለየው ጥቂት ወቅቶች ያልፋሉ። ብዙ ስደተኛ ላይ የሚታየውም ከቆየ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ቅጠሉ። ዳማከሴ ሽታው ደስ ይላል፣ ግን ለአለርጂ አትጠብቂው። ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ማድረግ ችግር የለውም። እርጉዝ ከሆንሽ ግን ጨርሶ ተዪው። ጭማቂው ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ካገኘውም ውሃ ያቋጥራል። ጦስኝ በዝንጅብል ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ከዚያ አያልፍም። ከሁሉም ትንሽ ተስፋ ያለው ጥቁር አዝሙድ ነው። በጥቂት ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች የአፍንጫ አለርጂን ቀለል አድርጓል። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪምሽን ጠይቂ። የአካባቢ ማር ያድናል የሚባለው አሳማኝ ማስረጃ የለውም።

ከሁሉም አብልጬ የምመክርሽ ግን አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብ ነው። ውሃውን አምስት ደቂቃ አፍይው፣ ለብ እስኪል አቀዝቅዢው። ለሩብ ሊትር ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ያነሰ፣ አዮዲን የሌለው ጨው ጨምሪበት። መታጠቢያው ላይ ጎንበስ በይ፣ ራስሽን ወደ ጎን አዘንብዪ፣ በአፍሽ ተንፍሺ። ከላይ ባለው የአፍንጫ ቀዳዳ ቀስ ብለሽ ስታፈሺው በታችኛው ይወጣል፣ ብናኙንም ይዞት ይሄዳል። ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳ ውሃ አፍንጫሽ ውስጥ እንዳታስገቢ። በጣም አልፎ አልፎ ቢሆንም አንጎል የሚያጠቃ አሜባ ሊኖርበት ይችላል፣ ገዳይ ነው።

ኪኒኑን አትፍሪው። የአለርጂ ኪኒኖቹ ሴትሪዚንም ሎራታዲንም ሱስ አያሲዙም። ፍሉቲካሶን የሚባለው የአፍንጫ ስፕሬይ ደግሞ በየቀኑ ሲወሰድ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ዛፉ ሳያብብ ጀምሪው። ታክሲ የምትነዱ ወንድሞች፣ ዲፈንሃይድራሚን ያለበትን የድሮውን ኪኒን ውጣችሁ መሪ እንዳትይዙ፤ እንቅልፍ ያመጣል። ደረት ሲያፏጭ ወይም ትንፋሽ ሲያጥር ግን ቅጠል ተቀምጦ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ከኮምቦልቻ፦
የደሴዋ እህታችን ባለችው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ኮምቦልቻ ክረምቱ ሲወጣ ቅንጨ አረም መንገድ ዳሩንና ማሳውን ይሞላዋል። ሲነቅሉት የዋሉ ሰዎች ቆዳቸው ያሳክካቸዋል፣ ያስነጥሳቸዋል። አሜሪካ በነሐሴና በመስከረም የሚያብበው ራግዊድ የሚባለው አረም የዚሁ ዘመድ ነው። አንዱ የሚያስቆጣው ሰውነት ሌላውንም ላይችለው ይችላል። አገር ቤት ቅንጨ አረም ያስቸግራችሁ የነበራችሁ፣ ከሚያዝያው ሌላ የነሐሴውንም ጠብቁት። ካሞሚል ሻይም ከዚያው ቤተሰብ ስለሆነ እየተጠነቀቃችሁ ጠጡ።

ከሚኒሶታ፦
እኔ የጠቀመኝ እጣኑን መቀነስ ነው። ቅዳሜ ቡና ስናፈላ፣ መስኮት ተዘግቶ አፓርታማው በጭስ ሲታፈን ይብስብኝ ነበር። አሁን ከቤት ውጭ ነው የማጨሰው። ከሥራ ስገባም ልብሴን ቀይሬ፣ ፀጉሬን ታጥቤ ነው አልጋ የምወጣው።

ከሜሪላንድ፦
አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። የጨው ውሃውን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። ለእናቴ ምን ልበላት?

ከደሴ፦
ጥቁር አዝሙድና የደረቀ ጦስኝ ትላክልሽ። እርጥብ ቅጠል ኤርፖርት ላይ ሊወሰድባችሁ ይችላል። የሚያመጣው ሰው ደረቁንም ቢሆን ጉምሩክ ላይ ያስመዝግብ፣ ካልተናገረ ሊቀጣ ይችላል። ዳማከሴውን እኔ መድኃኒት ቤት ስትመጣ አስረዳታለሁ፣ ላኪያት።