«ቫልቭና ካርቡራቶር የጀማሪ እጅ አይንካቸው» ስለተባለው ንግግር፦ የሞተረኞች የጽሑፍ ምልልስ

ባለ ቦክሰር (ቦክሰር የሚባል ሞተር ሳይክል ያለው)፦ ባለፈው ቅዳሜ የዴሊቨሪ ሞተረኞች በተሰበሰብንበት አዳራሽ ለምክር የተጋበዙ አንድ መካኒክ «እናንተ ዘይት መቀየርና ሰንሰለት መቀባት ይበቃችኋል፤ ቫልቭና ካርቡራቶርን ግን የጀማሪ እጅ ሊነካቸው አይገባም» ብለው ሲናገሩ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ አላጨበጨብኩም፤ ከአዳራሹ የወጣሁትም እየተብከነከንኩ ነው። ቫልቭ ማለት ለሞተሩ ነዳጅና አየር የሚያስገባው፣ ጭሱንም የሚያስወጣው በር ነው፤ ካርቡራቶር ደግሞ ነዳጅን ከአየር የሚቀላቅለው ነው። ቀኑን ሙሉ ከቦሌ መርካቶ፣ ከመርካቶ ሲኤምሲ የምንመላለሰው እኛ፣ ሞተሩ ጠዋት አልነሳ ሲል ደንበኛ የምናጣው እኛ፣ የቫልቭ ክዳን ለመክፈት ግን እጃችን የማይታመነው እኛው ሆነን ተገኘን። አንድ ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካበት ስስ ብረት)፣ ሁለት ቁልፍ፣ አንድ ካቻቢቴና ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ያደረ ሞተር ያለው ሰው ምን ጎደለው ተብሎ ነው የሚከለከለው?

ባለ ጋራዥ፦ የጎደለውን ልንገርዎት። ሰኞ ሰኞ እየተገፉ በሬ ላይ የሚደርሱት ሞተሮች እሁድ ከሰዓት በኋላ በየቤቱ የተፈቱት ናቸው። የማስተካከያው ዳዶ ከልክ በላይ ተጠብቆ ጥርሱ ተበልቷል፤ የካርቡራቶሩ ነዳጅ ማሳለፊያ የነሐስ ቀዳዳ በሽቦ ተጎርጉሮ ሰፍቷል፤ ባለቤቱ ግን «እኔ ምንም አልነካሁም» ብሎ ይምላል። ሙያ የሚባል ነገር አለ። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቫልቭ የማስተካክለው በጆሮዬ ነው፤ ጆሮ ደግሞ ከመርካቶ አይገዛም።

ባለ ቦክሰር፦ በጆሮዎ? ለምሳሌ የሆንዳ ሲጂ 125 ሞተር መመሪያ ለሁለቱም ቫልቮች፣ በቫልቩ ጫፍና ቫልቩን በሚገፋው ክንድ (ሮከር) መካከል፣ 0.08 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይጠይቃል፤ ይህ ከተራ የፎቶኮፒ ወረቀት የሚቀጥን ነው። ከወረቀት የቀጠነ ክፍተት የሚሰማ ጆሮ ካለ ሊከበር ይገባዋል፤ ነገር ግን ሞተሬን አምኜ አልሰጠውም።

የገጠር ጤና ባለሙያ፦ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ወረዳ ነው የምሠራው፤ የምነዳውም በሲጂ 125 ንድፍ የተሠራ የቻይና ሞተር ነው። በአቅራቢያዬ መካኒክ ስለሌለ ጀማሪ መሆኔን የማረጋግጥበት ጊዜ እንኳ ሳላገኝ ቁልፍ ለማንሳት ተገድጃለሁ። ስለ ጆሮው ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ቫልቭ የላላ እንደሆነ ይንኳኳል፤ ማንም ይሰማዋል፤ ጉዳቱም ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። የሚያስፈራው የጠበቀው ነው። ቫልቩ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ ያለውን መቀመጫውን እየበላ ሲሄድ ክፍተቱ እየጠበበ ይመጣል፤ በመጨረሻም ቫልቩ ሙሉ በሙሉ መዘጋት ያቅተዋል። የጭስ መውጫው ቫልቭ ሙቀቱን ለመቀመጫው የሚያስረክበው በተዘጋባት ቅጽበት ስለሆነ፣ ካልተዘጋ ጠርዙ ይቃጠላል፣ ኮምፕሬሽን (የእምቅታው ግፊት) ይጠፋል፣ ሞተሩም ጠዋት ጠዋት አልነሳ ይላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ድምፁ ከበፊቱ ያነሰ ነው። ስለዚህ ጌታዬ፣ የእርስዎ ጆሮ የሚያመሰግነው ሞተር ሊሞት የተቃረበው ሊሆን ይችላል።

ባለ ጋራዥ፦ እህቴ፣ የተናገርሽው እውነት ነው፤ ከማን እንደተማርሽው ግን አልነገርሽንም። እኔ ጆሮ አልኩ እንጂ ጆሮ ብቻ አላልኩም።

ባለ ቦክሰር፦ «ቫልቭ የማስተካክለው በጆሮዬ ነው» የሚለው ጽሑፍዎ እዚሁ ከላይ አለ። «ብቻ» የምትለው ቃል አሁን ነው የተወለደችው።

ባለ ጋራዥ፦ ጆሮ ማለት ልምድ ማለት ነው፤ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ቃል መንቀሉን ትተው ጥያቄዬን ይመልሱ። ጀማሪ ፒስቶኑ ላይኛው ነጥብ ላይ መድረሱን ያውቃል እንበል፤ በየትኛው ዙር ላይ እንደደረሰ በምን ያውቃል?

የገጠር ጤና ባለሙያ፦ እኔ የመጀመሪያ ቀን አላወቅሁም፤ ማፈርም አያስፈልገኝም። ካንዴላውን (ብልጭታ ሰጪውን) ነቅዬ፣ በጎን ያለውን ክዳን ከፍቼ፣ «ቲ» የምትለዋ ምልክት ከመስመሯ ጋር እስክትገጥም ድረስ ቮላኑን (ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት) በቁልፍ አዞርኩ፤ ፊለር ጌጁ አልገባ ስላለኝም ሁለቱንም ቫልቮች እስኪገባ ድረስ አላላኋቸው። ሞተሩ ሲነሳ በብረት ምጣድ እንደሚቆላ ሽምብራ ተንጫጫ። ለካ ምልክቷ በሁለት ዙር ሁለት ጊዜ ትመጣለች፤ እኔ የያዝኳት ጭሱ ወጥቶ ሲያልቅ የምትመጣውን ነበር፤ በዚያች ሰዓት ሁለቱም ቫልቮች በጥቂቱ ክፍት ናቸው። ወዲያው አጠፋሁት። በማግሥቱ ጠዋት አንድ ሙሉ ዙር ጨምሬ አዞርኩና ሁለቱም ሮከሮች በጣት ሲነኩ ወዝወዝ ማለታቸውን አየሁ፤ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተዋል ማለት ነው። ከዚያ ፊለር ጌጁን ከመጽሐፍ መካከል እንደሚሳብ ወረቀት ያዝ እስኪያደርገው ድረስ አስተካከልኩ። ዳዶውን ካጠበቁ በኋላ እንደገና መለካት እንደሚያስፈልግም ያን ቀን ነው የተረዳሁት፤ ሲጠብቅ ልኩን ይዞት ይሄዳልና።

ባለ ጋራዥ፦ ይኸው! በራስሽ አንደበት ተናገርሽ። አንድ ቀን ሙሉ በተሳሳተ ልክ ተስተካክሎ አድሯል።

የገጠር ጤና ባለሙያ፦ ቆሞ ነው ያደረው። ቆሞ ያደረ ሞተር ምን ተጎዳ?

ባለ ያማሃ፦ እናንተ በቫልቭ ስትጨቃጨቁ እኔ የሰማሁት ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። የእኔ ያማሃ ኤጂ 100 ነው። ትናንት ፊለር ጌጅ ገዝቼ የቫልቩን ክዳን ብፈልግ አጣሁ፤ ጓደኛዬን ብጠይቀው «ይህ ቱ ስትሮክ ሞተር ነው፤ እንዲህ ዓይነት ቫልቭ የለውም» አለኝ። ይሁን እንጂ አንድ ጋራዥ ባለፈው ዓመት ብቻ ሁለት ጊዜ «ቫልቭ ማስተካከያ» ብሎ ገንዘብ ተቀብሎኛል። ደረሰኙ በእጄ አለ።

ባለ ቦክሰር፦ ሁለት ጊዜ! ምናልባት በጆሮ ሰምተውት ይሆናል።

ባለ ጋራዥ፦ ያ ሰው ሌባ ነው፤ መካኒክ አይደለም። በአንድ ሌባ ምክንያት በዘይት የጠቆረ እጅ ሁሉ አይሰደብ። እኔ ያሳደግኳቸው ልጆች ዛሬ በአዳማና በሐዋሳ የራሳቸውን ጋራዥ ከፍተው ይሠራሉ፤ አንዳቸውም እንዲህ ያለ ነገር አያደርጉም።

ባለ ያማሃ፦ ሌባውን ሌባ ማለትዎን አመሰግናለሁ። ነገር ግን የሌለውን ቫልቭ ባለመኖሩ ልጠረጥር የቻልኩት ራሴ ለመክፈት ስለሞከርኩ ነው።

የድሬዳዋው፦ ከርእሱ ግማሹ ካርቡራቶር ነበር፤ ማንም አልነካውም። ሞተሬን አዲስ አበባ ነው የገዛሁት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል፤ በዚህ የተነሣ ለቆላ አገር ተለክቶ የመጣ ካርቡራቶር እዚያ ነዳጅ ያበዛል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ለብሶ ይወጣል። የሸጠልኝ ሰው ጎበዝ ስለነበር የነዳጅ ቀዳዳ ያላትን የነሐስ ቁራጭ ቀዳዳዋ ባነሰ ቀይሮ ለደጋው አስተካክሎት ነበር። እኔ ወደ 1,200 ሜትር ይዤው ስወርድ ነዳጁ አነሰው፤ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ካንዴላው እንደ አመድ ነጭ ሆነ። ያን ጊዜ ራሴ ካልነካሁት ማን ይነካልኝ? የአዲስ አበባው ጆሮ ድሬዳዋ ድረስ አይሰማም።

ባለ ጋራዥ፦ ለዚያማ ቀላል ነው። የሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ማስተካከያዋን ብሎን ወደ ግራ ስትፈታት ነዳጅ ትጨምራለች።

የድሬዳዋው፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በመጀመሪያ ሚኒሞን ከፍና ዝቅ የምታደርገው ብሎን ሌላ፣ ድብልቁን የምትመጥነው ብሎን ሌላ ናት። ሁለተኛ፣ የድብልቋ ብሎን ወደ ሞተሩ በኩል ከሆነች የምትመጥነው ነዳጅ ነው፤ ስትፈታ ነዳጅ ይጨምራል። ወደ አየር ማጣሪያው በኩል ከሆነች ግን የምትመጥነው አየር ነው፤ ስትፈታ ነዳጁ ያንሳል። ከዚህ በላይ ደግሞ ይህች ብሎን የምታዝዘው ሚኒሞንና ጥቂት ከፍ ያለውን ብቻ ነው፤ ነዳጅ ሙሉ ተሰጥቶ ሲጋለብ የሚገዛው ትልቁ ቀዳዳ ስለሆነ የእኔ ችግር በብሎን የሚፈታ አልነበረም።

ባለ ጋራዥ፦ እኔ የተናገርኩት ስለ ብዙዎቹ ነው።

ባለ ቦክሰር፦ «ብዙዎቹ» የምትለዋም አሁን ነው የተወለደችው። የጀማሪ እጅ አይንካው ያለው ሙያ፣ ብሎኗ በየት በኩል እንዳለች ሳይጠይቅ ትፈታ ብሎ ያዝዛል።

የገጠር ጤና ባለሙያ፦ ባለ ቦክሰር፣ እርስዎም ትንሽ ይብረዱ። የባለ ጋራዡ አንድ ነገር ትክክል ነው፤ በሽቦ መጎርጎር ያበላሻል፤ ነሐሱ ለስላሳ ነው፤ በማጽጃና በአየር ግፊት ብቻ ነው የሚጸዳው። እኔ የምጨምረው ብሎኗን ከመንካቴ በፊት በቀስታ እስክትቀመጥ እያጠበቅሁ ስንት ዙር እንደሆነች ቆጥሬ መጻፌን ነው፤ ሳይሳካልኝ ሲቀር ወደ ነበረችበት እመልሳታለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ቫልቭና ካርቡራቶር በአንድ ቀን አይነኩ። ሞተሩ ቢበላሽ በየትኛው እንደተበላሸ፣ ቢሻልም በየትኛው እንደተሻለ አይታወቅም።

ባለ ጋራዥ፦ ደብተር የያዘ ጀማሪ ካጋጠመኝ ሰኞ ሥራ አጣለሁ ማለት ነው። አታስቢ፣ አንቺን የመሰለ ከመቶ አንድ ነው።

ባለ ቦክሰር፦ የእኔው ነገ ጠዋት ይከፈታል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ሳይክል ታግዶ ቤት በተቀመጥንበት ጊዜ አሮጌውን ሞተሬን እስከ ፒስቶኑ ፈትቼ ገጥሜዋለሁና የቫልቭ ክዳን አያስፈራኝም።

ባለ ጋራዥ፦ ሰኞ ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት እከፍታለሁ። ገፍተው ሲመጡ ዳገቱን በስተጀርባ በኩል ይዙሩ፤ እሱ ይቀልልዎታል።

ባለ ቦክሰር፦ ፊለር ጌጅ ካለዎት እመጣለሁ።

ባለ ያማሃ፦ እኔም ደረሰኞቼን ይዤ ልምጣ እንዴ? ያ ጋራዥ ከእርስዎ ሁለት ቤት አልፎ ነው።