የአሥራ አምስት ዓመት ግብር ቤቱን የከፋዩ ያደርገዋል?

ጠያቂው፦ ሃና ማርያም አካባቢ አንድ ጎረቤታችን፣ ባለቤቱ ውጭ አገር በሄደበት ግቢ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ እየኖሩ የቤቱንና የቦታውን ግብር ሲከፍሉ ቆይተዋል። አሁን የባለቤቱ ልጆች መጥተው «ይልቀቁልን» ሲሏቸው፣ «በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1168 መሠረት ቤቱ የእኔ ሆኗል» የሚል መልስ ሰጥተዋል። ይህ ተገቢ ነው ትላላችሁ?

የለቡ ነዋሪ፦ እኔ ተገቢ ነው እላለሁ። ባለቤቱ ጣሪያው ያፍስ አያፍስ ሳይጠይቅ እነዚያ ሁሉ ዓመታት ሲያልፉ፣ የበሰበሰውን የባሕር ዛፍ ቋሚ እየነቀሉ የተኩት፣ ክረምት በገባ ቁጥር የጎርፍ መውረጃውን የጠረጉት እኚህ ሰው ናቸው። ትቶት የሄደ ሰው ተመልሶ ሲያፈናቅላቸው ዝም ብሎ ማየት ይከብደኛል።

ጠበቃዋ፦ የወንድሜ ቅንነት ይገባኛል። ሆኖም ቁጥር 1168 ባለሀብት የሚያደርገው ለረጅም ጊዜ የኖረን ሰው ሳይሆን፣ ከማይንቀሳቀስ ንብረቱ ባለቤትነት ጋር የተያያዘውን ግብር ለአሥራ አምስት ተከታታይ ዓመታት የከፈለን ባለይዞታ ነው። ባለይዞታ ደግሞ ንብረቱን በእጁ አድርጎ ለራሱ የሚያዝበት ሰው ነው፤ ዘበኛ፣ ተከራይ ወይም በአደራ የተቀመጠ ሰው ለሌላ ስለሚይዝ፣ ሃያ ዓመት ቢቀመጥም ዘመኑ ለእርሱ አይቆጠርለትም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ጎረቤታችሁ በ1998 ዓ.ም. ቁልፉን የተቀበሉት ከማን እጅና በምን ቃል እንደሆነ ነው።

ሌላው መሬቱ ነው። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ መሬት የግል ሀብት ሊሆን ይችል ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ግን በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ መሬት የመንግሥት ሆኗል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። በመሆኑም ስለ ቤት መከራከር ይቻላል፤ በከተማችን ዳርቻ ክፍት ቦታ በቆርቆሮ አጥሮ የያዘ ሰው ግን ይህን ቁጥር መሸሸጊያ ሊያደርገው አይገባም ብዬ አምናለሁ።

የስደተኛ ልጅ፦ አባቴ ግቢውን ለሚያምነው ሰው አስረክቦ ሲሄድ «ግብሩን አንተ ክፈል፤ ኪራይ አልፈልግም» ብሎት ነበር። ግብሩ በኪራዩ ፈንታ ነበር ማለት ነው። ያ ቃል በወረቀት ስላልሰፈረ ብቻ የአባቴ ቤት ሊወሰድ ነው? ልጆቹን እደግፋለሁ።

የለቡ ነዋሪ፦ የእህቴ ነገር ሐሳቤን አላልቶታል። ቁልፉ በአደራ የተሰጠ ከሆነ፣ እኔም አደራ በላን አልደግፍም። እንዲያ ያለ ስምምነት ካልነበረ ግን በአቋሜ እጸናለሁ።

ጠያቂው፦ ዛሬ ማታ ጎረቤታችን ቤት ሄጄ ደረሰኞቹን አየኋቸው። በዓመት በዓመታቸው ተደርድረው በፌስታል ተጠቅልለዋል። የ2009 ዓ.ም. የለም፤ በዚያ ዓመት ታመው ስለ ነበር በ2010 ዓ.ም. የሁለቱን ዓመት ከነመቀጫው በአንድ ደረሰኝ ከፍለዋል። ሁሉም ደረሰኞች የተቆረጡት በባለቤቱ ስም ነው። ቁልፉን ማን እንደ ሰጣቸው ስጠይቃቸው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እሱ ራሱ ነው፤ እስክመለስ ጠብቅልኝ ብሎኝ» አሉኝ። እንግዲህ በእኔ እምነት ቤቱ የልጆቹ ነው፤ ልጆቹም ላደሱት አጥርና ጣሪያ ያወጡትን ሊክሷቸው ይገባል።